የአለቃው ፊት

ፊልም ለሚወዱ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑ፤ ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ስትቀንሱና ስትደምሩ ነገሩ እንዳያመልጣችሁ።

ስለ አደንዛዥ ዕፅ ካርቴሎችና ስለ ማፍያ የተሠሩ ፊልሞች ሲነሡ ቀድሞ ዐይናችሁ ላይ የሚመጣው ምንድን ነው? የአንድ ሰው ፊት ይመስለኛል። ድመት እያሻሸ በለሆሳስ የሚናገር ሽማግሌ፣ ወይም ቦርጩን የገፋ ባለሪዝ ኮሎምቢያዊ። አለቃው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ፊት ነው። ፊቱ ስክሪኑን ሲሞላው ከጀርባው ማን እንደሚጠፋ፣ ያንን ፊት አናሳይም ብለው ስለሠሩ ጥቂት ሰዎችም።

እኔ ፊቱን ያወቅኩት ልጅ ሆኜ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ የተደፈነ፣ ልጅ በልጅ ላይ ተደራርቦ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ነበር። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ሳንቲም ይቀበላል። እንግሊዝኛው አይገባንም፤ ቢሆንም «አክተሩ» የቱ እንደሆነ ለመለየት ደቂቃ አይፈጅብንም። ካሜራው የሚከተለው ሰው እሱ ነው። አክተር አይሞትም። ሌላው ቢወድቅ ቢነሣ ከቁጥር አይገባም። አንድ ቀን አክተሩ መኪና ውስጥ የተቀመጠን ሰው ከኋላ በገመድ አንቆ ሲገድለው ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። የታነቀው ሰው ምን እንዳጠፋ፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው የጠየቀ አንድም አልነበረም። ያ ጭብጨባ ዛሬም ይከነክነኛል። ክፉ ልጆች አልነበርንም፤ ካሜራው አንቂው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ስለነበር ከዚያ ሆነን አየን።

«ዘ ጎድፋዘር»ን አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል፤ በ1972 የወጣ ፊልም ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ማፍያ ይተርካል፤ «ማፍያ» የሚለው ቃል ግን አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራበትም። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ፊልሙ ሊቀረጽ ሲዘጋጅ ኒው ዮርክ ውስጥ የጣልያን ተወላጆችን መብት አስከብራለሁ የሚል ማኅበር ተቃውሞ አስነሣ። የማኅበሩ መሪ ጆ ኮሎምቦ ነበር፤ ይህ ሰው ራሱ በከተማዋ ካሉት አምስት የማፍያ ቤተሰቦች የአንዱ አለቃ ነው። ፕሮዲዩሰሩ አልበርት ረዲ ከእሱ ጋር ተቀምጦ ተስማማ፤ ቃሉ ከጽሑፉ ወጣ፤ ሥራውም ቀጠለ። ኮሎምቦ በጁን 1971 በራሱ ማኅበር ሰልፍ ላይ በጥይት ተመቶ ሰውነቱ በድን ሆነ፤ ፊልሙ የወጣውም እሱ በዚያ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው።

ያንን ፊልም አደንቀዋለሁ። ብርሃኑን፣ የሠርጉን ትዕይንት፣ አንድ ደግ ልጅ ቀስ በቀስ ሲጨልም የሚያሳይበትን መንገድ እስከ ዛሬ እንደ ተማሪ ሆኜ አያለሁ። ግን ውሉን ባሰብኩት ቁጥር አንድ ነገር ይታየኛል። አለቃው የጠየቀው ስሙ እንዲደበቅለት ነው፤ ፊቴ አይታይ አላለም። ቢታይ ምን ይጎዳዋል? በጥሩ ልብስ፣ በልጅ በልጅ ልጅ ተከብቦ ነው የሚታየው። የሚጎዳው ስሙ ከነሥራው ሲጠራ ነው።

እኛ አገር «በለፈለፉ ባፍ ይጠፉ» ይባላል፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም»ም ይባላል። የጣልያን ደሴት የሲሲሊ ሰዎች «ኦሜርታ» የሚሉት ሕግ አላቸው። ያየኸውን አላየህም፤ የሰማኸውን አልሰማህም፤ ብትበደልም ለመንግሥት አቤት አትልም። የተደራጀ ወንጀል ከሌላው ወንጀል የሚለየው በዚህ ነው። ኪስ አውላቂ ሮጦ ያመልጣል። ማፍያ አይሮጥም፤ እዚያው ሰፈር ይኖራል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ የሰው ልጅ ክርስትና ያነሣል። ባለሱቁ «ፒዞ» የሚባለውን ግብር ይከፍላል፤ ጎረቤቱም እንደሚከፍል ያውቃል፤ ሁለቱ ግን ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አያወሩም። ፖሊሱም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሹምም፣ ሐኪሙም ትንሽ ትንሽ ያውቃል። ጥይት የሚያስፈልገው ይህ ዝምታ ሲሰነጠቅ ነው። በጃንዋሪ 1991 ሊቤሮ ግራሲ የሚባል የፓሌርሞ የልብስ ፋብሪካ ባለቤት ለቀማኞቹ የጻፈውን ግልጽ ደብዳቤ በጋዜጣ አሳተመ፤ አልከፍልም ነው ያለው። በኦገስት፣ ጧት ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሥራ ሲሄድ መንገድ ላይ ገደሉት።

እንግዲህ ካሜራ ይዛችሁ ይህን ዝምታ እንዴት ትቀርጹታላችሁ? ተኩስ መቅረጽ ይቻላል፤ ደም የሚመስል ቀለም አይጠፋም። ሁለት ጎረቤታሞች የማያወሩትን ነገር መቅረጽ ነው ከባዱ።

ፍራንቼስኮ ሮዚ የሚባል የኔፕልስ ሰው በ1962 መንገዱን አገኘ ብዬ አምናለሁ። ፊልሙ «ሳልቫቶሬ ጁሊያኖ» ይባላል። ጁሊያኖ የሲሲሊ ሽፍታ ነበር። «ሽፍታ» ስላችሁ በእኛ ስሜት ውሰዱት፤ ተራራ የገባ፣ ገበሬው ስንቅ የሚያቀብለው፣ ወሬው ከሱ ቀድሞ አገር የሚዞር። ጋዜጠኞች ያለበት ድረስ ወጥተው ፎቶ ያነሡት ነበር፤ መልከ መልካም ነበርና። በሜይ 1 ቀን 1947 ፖርቴላ ዴላ ጂኔስትራ በሚባል ሜዳ የሠራተኞችን ቀን ሊያከብሩ በወጡ ገበሬዎች ላይ የዚህ ሰው ጭፍሮች ተኩስ ከፍተው 11 ሰው ገደሉ፤ ሕፃናትም ነበሩበት። ከጀርባው ማን እንዳለበት ጣልያኖች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በጁላይ 5 ቀን 1950 የጁሊያኖ አስከሬን ካስቴልቬትራኖ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ተገኘ።

ሮዚ ፊልሙን የጀመረው በዚያ አስከሬን ነው። በደረቱ የተደፋ ሰው፣ ዙሪያውን የቆሙ ሹማምንት፣ የሬሳውን አወዳደቅ እየተመለከተ ቃል በቃል የሚያጽፍ ሰው። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ እስኪያልቅ ጁሊያኖን በሕይወቱ ሳለ በቅርብ አታዩትም። ነጭ ካፖርት ለብሶ ከሩቅ ድንጋዩ ላይ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ፤ ፊቱ የሚቀርባችሁ ሬሳ ሆኖ ነው። የተቀረጸው በገዛ መንደሩ በሞንቴሌፕሬ ሲሆን ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ያንን ዘመን እዚያው ኖረው ያለፉ ሰዎች ናቸው። ወታደር የመንደሩን ወንዶች ለቃቅሞ ሲወስድ ሴቶቹ እየጮኹ ወደ አደባባዩ ሲጎርፉ የምታዩበት ትዕይንት አለ። እዚያ የምትሰሙት ጩኸት ትወና አይመስልም።

መጀመሪያ ሳየው ተበሳጭቼ ነበር። አክተሩ የት ሄደ? ቪዲዮ ቤት የተማርኩት ዐይኔ የሚከተለው ሰው አጣ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ዐይኔ ሌላ ነገር መልቀም ጀመረ። ፖሊሱ ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ ፖለቲከኛው ሽፍታውን መቼ እንደፈለገውና መቼ እንዳልፈለገው፣ ማፍያው ምን ቆርጦ ምን እንደሸጠ። ጁሊያኖ መሣሪያ ነበር፤ ሥራውን ሲጨርስ ተጣለ። ፊቱ ቢቀርበኝ ኖሮ እንደ ጋዜጠኞቹ ፎቶውን ሳይ እኖር ነበር። ፊልሙ በወጣበት ዓመት ዲሴምበር ላይ የጣልያን ምክር ቤት ማፍያን የሚመረምር ኮሚሽን በሕግ አቋቋመ። ፊልሙ ብቻውን አመጣው አልልም፤ አገሩ ሁሉ በሚያወራበት ሰዓት ከወሬው አንዱ እሱ ነበር።

ሁለተኛው የሲሲሊ ታሪክ ለልቤ ይበልጥ ይቀርባል። ቺኒዚ ከፓሌርሞ ብዙ የማትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ፔፒኖ ኢምፓስታቶ በ1948 እዚያ ተወለደ። አባቱ ከማፍያ ጋር የተቆራኘ ሰው ነው፤ የከተማዋ አለቃ ጌታኖ ባዳላሜንቲ ወዳጃቸው ነው። ልጁ ግን ገና በወጣትነቱ ተነሣባቸው፤ አባቱም ከቤት አባረረው። በ1977 ከጓደኞቹ ጋር «ራዲዮ አውት» የምትባል ትንሽ ጣቢያ ከፈተና ወደ አሜሪካ ሄሮይን የሚልከውን ያንን አለቃ ቅጽል እያወጣለት በአየር ላይ ሳቀበት። አስቡት፤ ማንም ስሙን ጮክ ብሎ በማይጠራበት ከተማ፣ ልብስ የምታጥበዋም ዳቦ የሚጋግረውም ሬዲዮ ከፍተው እየሰሙ። በሜይ 9 ቀን 1978 ሌሊት ገደሉት፤ ገላውን ባቡር ሐዲድ ላይ አጋድመው በፈንጂ በታተኑት። መርማሪዎቹ ሐዲድ ሊያፈነዳ ሲል ራሱ የሞተ አሸባሪ ነው አሉ። በዚያው ቀን ሮም ውስጥ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የአልዶ ሞሮ አስከሬን ስለተገኘ የቺኒዚን ልጅ ዞሮ ያየው አልነበረም።

ማርኮ ቱልዮ ጆርዳና በ2000 የሠራው ፊልም ስሙ «መቶ እርምጃ» ነው። ከፔፒኖ ቤት እስከ አለቃው ቤት ያለው ርቀት ነው እንግዲህ። ፔፒኖ ታናሽ ወንድሙን እየጎተተ በሌሊት መንገዱን ይዞ በእያንዳንዱ እርምጃ ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ወንድሙ ዝም በል እያለ ይለምነዋል። መድረሻቸው የአለቃው በረንዳ ነው። ተኩስ የለበትም፤ እኔ ግን ካየኋቸው የማፍያ ትዕይንቶች ሁሉ እሱን ያህል ያስፈራኝ የለም። ርቀቱን ለክቶ ነገረና። አለቃው ሌላ ዓለም ያለ ሰው አይደለም፤ ሻማ ቢያልቅ ልጅ ልኮ የሚበደሩት ጎረቤት ነው።

እናቱ ፌሊቻ ልጇ ሲሞት እንደ አገሩ ወግ ጥቁር ለብሳ ዝም ትላለች ተብሎ ሲጠበቅ በሯን ከፈተች። ለተማሪውም ለጋዜጠኛውም፣ ለመጣ ሁሉ ገዳዩን በስሙ እየጠራች ተናገረች። 24 ዓመት ፈጀ። ባዳላሜንቲ በ2002 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ እሷ በ2004 አረፈች። ቤቷ ዛሬም ለጎብኚ ክፍት ነው።

አሁን ወደ ኮሎምቢያ። እዚህ ላይ ነገሩ እንደ ሲሲሊው አልቀናልኝም፤ ያሰብኩትን የሚያፈርስብኝ ነገር ስላለ እሱን ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

የዕፅ ካርቴል አለቃው ፓብሎ ኤስኮባር ስለ ፊቱ ከማንም በላይ የሚጨነቅ ሰው ነበር። ለድሆች ቤት ሠራ፣ ኳስ ሜዳ ሠርቶ መብራት አስገባ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ካሜራ አጠገቡ ነበር። በ1982 ለአገሪቱ ምክር ቤት ተለዋጭ አባል ሆኖ ተመረጠ። ዕፅ ነጋዴ ነው ብለው በስሙ የጠሩትን ግን አንድ በአንድ አስገደላቸው፤ የፍትሕ ሚኒስትሩን ሮድሪጎ ላራ ቦኒያን በ1984፣ የ«ኤል ኤስፔክታዶር» ጋዜጣ አዘጋጁን ጊዬርሞ ካኖን በ1986። ፕሬዚዳንት ይሆናል ተብሎ የተጠበቀው ሉዊስ ካርሎስ ጋላን በኦገስት 1989 ከነደጋፊዎቹ መድረክ ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 27 የአቪያንካ አውሮፕላን አየር ላይ በቦምብ ፈነዳ፤ የተሳፈሩት 107 ሰዎች አለቁ፤ ምድር ላይ የነበሩ ሦስት ሰዎችም ሞቱ።

በ2012 የኮሎምቢያው ካራኮል ቴሌቪዥን ስለዚህ ሰው ትልቅ ተከታታይ ድራማ አወጣ። ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ የተገደለው የጊዬርሞ ካኖ ልጅ ካሚሎ ነው፤ ሌላዋ ኹዋና ኡሪቤ ናት፤ እናቷን ኤስኮባር አሳግቶባታል፣ የአክስቷ ባል ደግሞ ያው ጋላን ነበር። ከእነዚህ የበለጠ ስለ ተጎጂ ማን ያስባል? እያንዳንዱን ክፍል የሚጀምሩትም ታሪኩን የማያውቅ ሊደግመው ተፈርዶበታል በሚል ቃል ነው። የሟቾቹን ስም ጠሩ፣ ቤታቸውን አሳዩ፣ ልጆቻቸውን አሳዩ። ይህም ሆኖ መንገድ ላይ የተሸጠው ካናቴራ የጋላን ፊት ያለበት አልነበረም። ልጆች አነጋገሩን የኮረጁት የኤስኮባርን ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ «ናርኮስ» መጣ፤ ብራዚላዊ ተዋናይ ለዚሁ ሥራ ስፓኒሽ ተምሮ ተጫወተው፤ ያ ፊት ዓለምን ዞረ። ከዚያ በኋላ ወደ ኤስኮባር ከተማ ወደ ሜዴሊን የሚመጣ ቱሪስት መቃብሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣል።

ይህን ካየሁ ወዲህ ጥሩ ልብ ብቻውን ይበቃል ብዬ አላምንም። በብዙ አሥር ሰዓት የሚቆጠር ድራማ የአንድን ሰው ቁርስ፣ ፍቅር፣ ንዴትና ፍርሃት እያሳያችሁ ስትሄዱ ተመልካቹ የቤቱ ሰው ያደርገዋል። ሟቹ በአንድ ክፍል ገብቶ በዚያው ክፍል ይወጣል። ጽሑፉ ገዳዩን ቢያወግዘውም ሰዓቱ ያነግሠዋል። እናንተ ድራማ የምትጽፉ ልጆች ሰዓቱን ቁጠሩ፤ ለማን ስንት ደቂቃ እንደሰጣችሁ።

የሜዴሊን ከተማ ራሷ ምን አደረገች? ኤስኮባር ይኖርበት የነበረውን ሞናኮ የሚባለውን ፎቅ በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2019 ሕዝብ እያየ በፈንጂ አፈረሰችው። የተጎጂ ቤተሰቦች ተጋብዘው ነበር። ቦታው ላይ ለሟቾቹ የመታሰቢያ መናፈሻ ተሠራ። ቱሪስቱ ፎቶ የሚነሣበት ግድግዳ ጠፋ።

ስለ ሜክሲኮ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ሁለት ፊልም ብቻ ላንሣ። መንግሥት በዲሴምበር 2006 ወታደሩን ካዘመተ ወዲህ ያ አገር መቃብር ቆፋሪ እናቶች የበዙበት አገር ሆኗል፤ አካፋና ረጅም ብረት ይዘው በየሜዳው ልጆቻቸውን የሚፈልጉ። በ2022 በመንግሥት መዝገብ ላይ የጠፉት ሰዎች ቁጥር ከ100,000 አለፈ። እዚያ ፊት ማሳየት ያስገድላል። ታዲያ ፊልም ሠሪ ምን ያድርግ?

ጃንፍራንኮ ሮዚ ከቅድሙ ሮዚ ጋር ስማቸው ብቻ ነው የሚገጥመው። አሥመራ የተወለደ ጣልያናዊ ነው። በ2010 በወጣው ዘጋቢ ፊልሙ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለካርቴል ሰው ሲያግት፣ ሲያሠቃይና ሲገድል የኖረ፣ በኋላ የከዳ። ራሱ ላይ ጥቁር ሻሽ ጣል አድርጎ፣ ድሮ አንድ የታገተ ሰው ባሠቃየበት የድንበር ሆቴል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ወፍራም ብዕር ይዞ ደብተር ላይ ይሥላል። ፖሊስ ማሠልጠኛ ሳለ ጀምሮ ካርቴሉ ደመወዝ እንደሚከፍለው ይናገራል፤ ሣጥን ሥሎ ያሳያል፣ ቀስት ያሰምራል፣ ገጹን ይገለብጣል። አንድም የደም ጠብታ አታዩም። ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ ግን ነገሩ እንደ መሥሪያ ቤት የተዋቀረ መሆኑ ይገባችኋል፤ የሚያግተው ሌላ፣ የሚጠብቀው ሌላ፣ የሚቀብረው ሌላ፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም።

ኤቬራርዶ ጎንሳሌስ በ2017 ያወጣው ደግሞ ከዚህም ሄደ። ካሜራ ፊት የሚቀመጡት ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጭምብል ያጠልቃሉ፤ በእሳት የተቃጠለ ሰው ቆዳው እስኪድን የሚለብሰው ዓይነት፣ የቆዳ ቀለም ያለው። ልጇ የጠፋባት እናትም፣ አባቱ የተወሰደበት ልጅም፣ ገዳዩም፣ ወታደሩም ያንኑ ለብሰዋል። ዐይንና አፍ ብቻ ነው የሚታያችሁ። አንድ ሰው መናገር ሲጀምር ተበዳይ ይሁን በዳይ ገና አታውቁም፤ ድምፁን ተከትላችሁ ትጠብቃላችሁ። ሲያለቅሱ ጭምብሉ ይርሳል። ያንን እርጥብ ጨርቅ ካየሁ በኋላ ስለ ካርቴል የተሠራ የተኩስ ፊልም አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ ማየት አቅቶኛል።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ። ስለ ሲሲሊና ስለ ሜክሲኮ ስንሰማ «የነሱ ጉድ ነው» የምንል እንዳንሆን። ከ2009 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በሲናይ በረሃ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ታግተው ነበር፤ የሚበዙት ኤርትራውያን ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያንም ነበሩ። አጋቾቹ 30 ሺህና 40 ሺህ ዶላር ይጠይቁ ነበር። አሠራራቸውን ታውቁታላችሁ፤ ለቤተሰብ ይደውላሉ፤ ልጁ ስልኩ ላይ ሳለ ያሠቃዩታል። ጩኸቱ ራሱ የመሰብሰቢያ ደረሰኝ ነው። ከዚያ በኋላ ያው ሥራ ወደ ሊቢያ ዞረ፤ ባኒ ዋሊድ የሚለውን ስም በየሰፈራችን የማያውቅ እናት ጥቂት ናት።

ከረን ሻዮ የምትባል እስራኤላዊት በ2013 ስለ ሲናይ ዘጋቢ ፊልም ሠራች። መሐል ላይ ያለችው ያኔ ስቶክሆልም ትኖር የነበረችው ኤርትራዊት ጋዜጠኛ ሜሮን እስጢፋኖስ ናት። ካሜራ እገታው ካለበት ሊገባ አይችልም። ስለዚህ የምታዩት ስልክ ነው። ሜሮን ትደውላለች፤ ከወዲያ ማዶ የታሰረ ሰው ድምፅ ይመጣል፤ እሷ ስሙን ትጠይቃለች፣ ያለበትን ትጠይቃለች፣ በሬዲዮ ታስተላልፈዋለች። የአጋቹን ፊት አንድም ቀን አታዩም፤ አትናፍቁትምም። የምትናፍቁት ስልኩ ዳግም ሲደወል የሚያነሣ ሰው መኖሩን ነው። በትግርኛው መሐል «ኣደይ»፣ እናቴ፣ የሚለውን ቃል ስሰማ ፊልሙን አቁሜ ውጭ ወጥቻለሁ።

ፊት ፍለጋው ከፊልም አልፎ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ይህን ስሙ። ማፍያን ሲከሱ የኖሩት የፓሌርሞ ዐቃብያነ ሕግ የሜዲትራንያንን የሰው ንግድ ሲመረምሩ «ጄኔራሉ» የሚባል አንድ ኤርትራዊ አለቃ ሲፈልጉ ነበር። በጁን 2016 ከካርቱም ተይዞ መጣ ተባለና አንድ ወጣት በካቴና ከአውሮፕላን ሲወርድ በቴሌቪዥን ታየ። በየአገሩ ያሉ የሚያውቁት ሰዎች ምስሉን እንዳዩ «ይሄ እሱ አይደለም» አሉ። ዘመዶቹ ተናገሩ፤ ጋዜጠኞች ጻፉ። ልጁ እስር ቤት ቆየ። በጁላይ 2019 የፓሌርሞ ፍርድ ቤት የተፈለገው ሰው እሱ እንዳልሆነ ተቀብሎ ለቀቀው። ሦስት ዓመት! እንግዲህ ይህ የሆነው ኦሜርታን ከማንም በላይ በሚያውቁ ሰዎች እጅ ነው። የወንጀል ታሪክ አለቃ ይፈልጋል፤ አለቃ ሲገኝ ታሪኩ ያለቀ ይመስላል፤ ስለዚህ የተገኘው ፊት ላይ ማዕረጉ ተለጠፈ። ያ ልጅ አክተር ተደረገ።

እስካሁን ያልኩትን ሰምታችሁ «አንተ እዚህ ብትሠራ ምን ትሠራለህ?» ብላችሁ ሳትጠይቁኝ አትቀሩም፤ ስገባም አንዱ በር ላይ ጠይቆኛል። ልመልስ።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ሊቢያ ነበር። ስልኩ የሚደወለው ሌሊት ነው፤ ስለዚህ እሳቸው ሌሊት አይተኙም፤ ቻርጀሩ ከግድግዳው ስለሚላቀቅ በእጃቸው ደግፈው ይይዙታል። ወርቃቸውን ሸጡ። ዕድሩ አዋጣ፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጨርቅ ተነጠፈ፤ ውጭ ያሉ ዘመዶች ላኩ። የተጠየቀው ሲሞላ ገንዘቡን ለማን እንደሚሰጡ በስልክ ተነገራቸው። እሳቸውን የገረማቸው መቀበያው ሩቅ አለመሆኑ ነው። ሰውየው የሰፈሩ ሰው ነው። ደላላ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ነጋዴ ነው የሚባለው። ለቅሶ ይደርሳል፤ ለሠርግ ድንኳን ሲተከል ካስማ ይይዛል። እኔም ለቅሶ ቤት አግኝቼው ተነሥቼ ሰላም ብዬዋለሁ፤ ወንበር ለቅቄለታለሁ። ልጁ መጣ፤ ተመስገን፤ ግን አንድ እግሩ ልክ አይደለም። ስለ ገንዘቡ መንገድ ሰፈር ውስጥ አንድም ሰው ጮክ ብሎ አውርቶ አያውቅም።

ፊልሙን የምጀምረው ከዚያ ቻርጀር ነው። የሰውየውን ፊት አላሳይም። ከእናቲቱ በር ተነሥቶ ኮብልስቶኑን ይዞ የሚሄድ ካሜራ ነው የምፈልገው፤ የእንጨት ቤቱን፣ የውኃ ቦኖውን፣ የወፍጮ ቤቱን ጥግ አልፎ። ባለፈው ወር አንድ ማታ ለልምምድ ብዬ ብቻዬን ሄድኩት፤ ካሜራ አልያዝኩም፤ እየቆጠርኩ ነው። መቶ ሠላሳ ሁለት ላይ በሩ ፊት ቆምኩ። ውስጥ መብራት ነበር፤ ቴሌቪዥን ተከፍቷል፤ ልጆች ይስቃሉ።